ልብ ታሞ ጀርባ ላይ ማሽን?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አባቴ ስዊድን ነው ያለው፣ ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ስር የሚከፍት ቱቦ) ገብቶለት ባይፓስም (ደም የተዘጋውን ደም ስር አልፎ እንዲሄድ የሚያደርግ ቀዶ ጥገና) ተሰርቶለት ደረቱን መውጋቱ አልተወውም፣ አሁን ሐኪሙ ህብለ ሰረሰሩ አጠገብ ኤሌክትሪክ የሚልክ ማሽን እንቅበርለት አለ። ልብ ታሞ ጀርባ ምን አገባው? በጣም ጨንቆኛል

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ቀጭን ሽቦ ህብለ ሰረሰሩ አጠገብ ይገባል፣ ባትሪው ቆዳ ስር ይቀመጣል፣ ከልብ የሚመጣውን የህመም መልእክት ያደክመዋል። እዛው ስዊድን በ1998 የወጣ ጥናት 104 ሰው ላይ ከባይፓስ ጋር አወዳድሮት ህመም በመቀነስ ተቀራራቢ ሆነው ተገኝተዋል። ግን የተዘጋ ደም ስር አይከፍትም፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ!!

መልስ፦ ለልብ ድካም ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ ዲፊት ኤችኤፍ የሚባለው ጥናት 66 ሰው ላይ ሞክሮት ጥቅም አላሳየም። ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል ማሽን) ካለው ቀድሞ ይንገራቸው፣ ሁለቱ እንዳይጋጩ ይፈትሹታል

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ፣ ፔስሜከር የለውም፣ ዛሬ ማታ ደውዬ አስረዳዋለሁ