የሃሌይ ኮሜት ቀጠሮ የማያከብረው ለምንድን ነው?

የጠባሴው፦
ሰላም ናችሁ? ደብረ ብርሃን ነኝ። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። በቀደም ማታ ስለ ከተማችን ስም አወራኋት። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ነው የቆረቆሯት፤ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ እሱም በየ76 ዓመቱ ይመጣል አልኳት። ስልኬን ተቀብላ ዓመቶቹን ቀነሰች። ከ1682 እስከ 1759፣ 77። ከ1759 እስከ 1835፣ 76። ከ1835 እስከ 1910፣ 75። «አባዬ፣ ታዲያ በየ76 ዓመቱ ያልከው?» አፌን ያዝኩ። ምን ልበላት?

መምህሩ ከመንዝ፦
ወንድሜ፣ ልጅህ አንበሳ ናት። ዋናው በጥባጭ የጁፒተር ስበት ነው። ግን የፕላኔቶቹን ስበት ሁሉ አስልተህም በየዙሩ 4 ቀን ያህል ይዘገያል። ይሄኛው የጋዝ ሥራ ነው።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ስታነድ ጫፉ አረፋ እየደፈቀ ፍሽሽ ይላል አይደል? ኮሜትም በረዶና አቧራ ነው። ፀሐይ ጋ ሲቀርብ በረዶው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ጋዝ ሆኖ ይተፋል። ጋዙ በአንድ በኩል ሲወጣ ኮሜቱ በሌላው በኩል ይገፋል።

ታዲያ ዝም ብሎ ከፀሐይ አይርቅም፤ ይሽከረከራላ! እኛ ጋ ቤቱ የድንጋይ ነው። ግድግዳውን በ6 ሰዓት ብትደገፈው ገና ነው። 9 ሰዓት ላይ ግን ጀርባህን ደስ ይለዋል። ኮሜቱም ይበልጥ የሚተፋው ከቀትር ባለፈው ጎኑ ነው። ስለዚህ ግፊቱ ያዘነብላል። እንደ እሽክርክሪቱ አቅጣጫ ወይ ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ወይ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሃሌይን ወደ ፊት ነው።

ሹፌሩ፦
መምህር፣ ይቅርታ፣ ወደ ፊት ከተገፋማ ቶሎ መድረስ ነበረበት!

መምህሩ ከመንዝ፦
እኔም ተማሪ ሳለሁ እዚህ ጋ ነው የወደቅኩት። ወደ ፊት ሲገፋ ዙሩ ይሰፋል። መንገዱ ይረዝማል፣ ከፀሐይ ሲርቅም ይንቀራፈፋል። ወደ ኋላ የሚጎተተው ነው ቀድሞ የሚመጣው። የኤንኬ ኮሜት እንደዚያ ነው፤ በ3.3 ዓመት ይዞራል፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤንኬ ሲያሰላው በየዙሩ 2 ሰዓት ተኩል ያህል ይቀድም ነበር። ሰውዬው ጠፈር ላይ የሚያዘገየው ስስ ነገር አለ ብሎ ጠረጠረ። በ1950 እ.ኤ.አ. የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍሬድ ዊፕል ነው በረዶውን አምጥቶ ነገሩን የፈታው።

የጠባሴው፦
ልጅቷ አጠገቤ ናት። «አስትሮይድ፣ ፀሐይን የሚዞረው ድንጋይ፣ ጋዝ ከሌለው አይገፋም ማለት ነው?» እያለች ነው።

መምህሩ ከመንዝ፦
ይገፋል እንጂ፣ የኔ ልጅ! ግድግዳው ማታም ለብ እንዳለ ይቆያል አይደል? ያ የሚመልሰው ሙቀት ብርሃን ነው፣ ዓይን ባያየውም። ብርሃን ሲወጣ ድንጋዩን በጣም በጥቂቱ ይገፋዋል። ያርኮቭስኪ የሚባል መሐንዲስ ነው መጀመሪያ ያሰበው። ቤኑ የሚባለው አስትሮይድ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ እሽክርክሪቱ ከጉዞው ተቃራኒ ስለሆነ ምህዋሩ በየዓመቱ 284 ሜትር ያህል ወደ ፀሐይ ይጠጋል። ትንሽ ይመስላል። ግን ከመቶ ዓመት በኋላ መሬትን ይስታል ወይስ አይስትም ለማለት እሷን ካልቆጠርክ ሒሳቡ ገደል ይገባል።

የጠባሴው፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር። እሷማ ሰዓት ይዛ የጎረቤቱን የድንጋይ አጥር ስትዳብስ ዋለች። 6 ሰዓት፦ «ቀዝቃዛ»። 9 ሰዓት፦ «ሞቃት»። 1 ሰዓት ላይ ጋቢ ደርባ ልትወጣ ስትል እናቷ በሩን ዘጋችባት።