ዛፎቼ ሁሉ ስዊዘርላንድ ሆኑብኝ፦ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ በ1፡87

ባለ ምድር ቤቱ (ሽቱትጋርት)

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ተደብቄ ስሠራው የቆየሁትን ነገር ባለፈው እሑድ ለባለቤቴ ገልጬ አሳየኋት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዞረችውና «ቆንጆ ነው፤ የትኛው የስዊዘርላንድ መንደር ነው?» አለችኝ። የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ነው። እሷም በአራት ዓመቷ ብትወጣም የተወለደችው እዚያው ድሬዳዋ ነው።

ነገሩን ላስረዳ። ጠረጴዛው 2 ሜትር ከ40 በ80 ሴንቲሜትር ነው። ሞዴሉ በ1፡87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ የተሠራ ነው፤ ሲሰላ ርዝመቱ 209 ሜትር ያህል ስለሚሆን ጣቢያውን፣ ከፊቱ ያለውን አደባባይ፣ አንድ መጋዘን፣ የአንድ የከዚራ ሰፈር መንገድ ጫፍና ጥግ ላይ ደግሞ ከተማዋን ከሚያቋርጠው ከደቻቱ ወንዝ ቁራጭ አስገብቼበታለሁ። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር 1960ዎቹ ነው። ጣቢያውን ከካርቶን ቆርጬ የሠራሁት አጎቴ ትቶልኝ ከሄደው አራት ፎቶግራፍ ተነስቼ ነው፤ አጎቴ በባቡሩ ወርክሾፕ ይሠራ ነበር። በግንቡ አላፍርም፤ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ለክቻለሁ። የሚያሳፍረኝ ዙሪያው ነው።

መሬቱ ከሱቅ የተገዛ ጥቅል የሣር ምንጣፍ ነው። ዛፎቹ በከረጢት የሚሸጡ 40 ዛፎች ናቸው። ኮረብታው የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ነው፤ የሚረጭ ቀለም ስረጭበት እንደ ቅቤ ቀለጠና አንዱ ጎኑ እስከ ዛሬ ጉድጓድ ነው። ጣሪያዎቹ ግራጫ የተቀባ ካርቶን፣ ሰዎቹ ደግሞ ከነሻንጣቸው በእሽግ የመጡ መንገደኞች ናቸው። ሁለት ግመሎችም አሉኝ። ለደቻቱ ውሃ የሚሆን ሁለት ጠርሙስ ሬዚን (ሲደርቅ ውሃ የሚመስል ፈሳሽ ፕላስቲክ) ገዝቻለሁ፤ ገና አላፈሰስኩትም። ሦስት ፎቶ አያይዣለሁ። ምን እንደጎደለ ንገሩኝ፤ አትራሩልኝ።

ጋሽ ጄሶ (አዲስ አበባ)

አልራራልህም። ሠላሳ ዓመት ያህል ለአርክቴክቶች የሕንጻ ሞዴል ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግንቡ ጥሩ ነው፤ እጅህ ይባረክ። የቀረውን ግን አንተ አልሠራኸውም፤ ፋብሪካው ነው የሠራልህ። ያ ምንጣፍ ግንቦት ላይ ዝናብ የጠገበ የባቫርያ መስክ ነው። ፋብሪካውም አልዋሸህም፤ የራሱን አገር ሠርቶ ሸጠልህ።

ከሐዲዱ ልጀምር። በፎቶው የማየው ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊሜትር ነው። በ87 አባዛው፤ 1,435 ሚሊሜትር ይወጣሃል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲሱ ባቡር ስፋት ነው። የድሮው መስመር ግን ልክ አንድ ሜትር ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልግህ 12 ሚሊሜትር ነው፤ እሱን የሚሠሩት ለስዊዘርላንድ የተራራ ባቡሮች ብለው ነውና ከስዊዘርላንድ ፈጽመህ አታመልጥም። በ1፡120 መጠን የሚሸጥ ባለ 12 ሚሊሜትር ሐዲድም አለ፤ ረከስ ይላል፣ ነገር ግን ሐዲዱን የሚሸከሙት አግዳሚዎች ትንንሽና የተጠጋጉ ስለሆኑ ያስታውቅብሃል። አግዳሚዎቹን ደግሞ እንጨት አስመስለህ ቀብተሃል። የዚያ መስመር አግዳሚ ብረት ነበር። የዛገ ብረት ቀባው፤ ከሐዲዱም ጎኑን ብቻ አዝገህ መንኮራኩሩ የሚሄድበትን ጫፍ አጥርተህ ተወው።

አሁን ወደ መሬቱ። ምንጣፉን ንቀለው። ፎሙን በፋሻና በጄሶ አልብሰው፤ ፋሻውን በቀጭኑ በተበጠበጠ ጄሶ ውስጥ ነክረህ ሁለት ንብርብር ታለብሰዋለህ። ጄሶው ከደረቀ በኋላ ቀለም ቢረጭበትም ፎሙ አይቀልጥም፤ የቀለጠውም ጉድጓድ በዚያው ይደፈናል። ከዚያ ላይ እውነተኛ አፈር ነው የሚሄደው። አፈሩን በምድጃ አድርቀህ መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በሻይ ማጥለያ፣ በመጨረሻ በአሮጌ የሴት ካልሲ ንፋው። ልብ በል፤ 1 ሚሊሜትር የሆነች ጠጠር በአንተ ከተማ ውስጥ 9 ሴንቲሜትር የምታህል ድንጋይ ናት። ለመንገድ ከካልሲው ያለፈውን ዱቄት፣ ለሐዲዱ ሥር ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጠውን ጠጠር፣ ለኮረብታው የተረፈውን ተጠቀም።

አንድ ነገር እንዳትረሳ፤ አፈሩን ከመበተንህ በፊት በወረቀት ላይ ዘርግተህ ማግኔት አሳልፍበት። ጥቁር አሸዋ ብዙ ጊዜ የብረት ብናኝ አለበት፤ የሎኮሞቲቩ ሞተር ማግኔት ስለሆነ ይስበዋል። እኔ ይህን የተማርኩት የሰው ሞተር አበላሽቼ ከፍዬ ነው።

አጣበቁ እንዲህ ነው። ደረቁን አፈር በተንና በብሩሽ አስተካክል። ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያለበት ውሃ እንደ ጭጋግ ንፋበት፤ ሳሙናው ከሌለ ውሃው እየተንከባለለ አፈሩን ይሰበስበዋል። ከዚያ ኮላውን እኩል በእኩል በውሃ አቅጥነህ በሲሪንጅ ከጠርዝ በኩል አጠጣው፤ ከላይ አታንጠባጥብበት፤ ጉድጓድ ይሠራል። እስከ ማግሥቱ አትንካው። ኮላው ሲደርቅ አፈሩን ስለሚያጠቁረው ከምትፈልገው ቀለም አንድ ደረጃ የነጣ አፈር ምረጥ። የድሬዳዋ ዙሪያ ኮረብታ የኖራ ድንጋይ ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካው እዚያ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ኮረብታህ ገርጣ ይበል።

ስለ ዛፍ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ መብራት ሊሄድብኝ ነው።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ፎቶውን ከፍቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ወንድሜ፣ ግመሎችህ ሁለት ሁለት ሻኛ አላቸው! ከሰርከስ እሽግ ነው ያመጣሃቸው? የእኛ ግመል ባለ አንድ ሻኛ ነው።

ሬዚኑን ለሱቁ መልስለት። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ፍየል ይውልበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃው ሲመጣ በአንድ ሌሊት መጥቶ ይሄዳል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምትን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው እዚያ ላይ ሰማያዊ ውሃ ማየት አይፈልግም። አሸዋ አድርግበት። መሐሉ ነጣ ያለና ደቃቅ፣ ዳርና ዳሩ ድንጋይ የበዛበት፤ የመጨረሻው ጎርፍ ትቶት የሄደውን ጭራሮም በአንድ በኩል ከምርበት።

ነገር ግን ጋሽ ጄሶ ሁሉን አቧራ እንዳያስደርጉህ። ከዚራ ጥላ ነው! ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ መንገዶቿ ቀጥ ቀጥ ያሉት፣ ዛፉም በመስመር የተተከለው ለዚሁ ነው። ስለዚህ አረንጓዴህን በመስክ ላይ አትበትነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰብስበው። ከላይ ቅጠሉ ይገጣጠም፣ ከሥሩ መሬቱ ባዶና የተጠረገ ይሁን። ግድግዳ ላይ ቡገንቪሊያ አንጠልጥል፤ እሱ ሲደምቅ ማንም አይከስህም።

መኪና ካስፈለገህ ፔጆ 404 ፈልግ። የእኛ ታክሲ እሱ ነበር። ጋሪም አትርሳ።

ሰዎችህ ሁሉ ኮት ለብሰዋል። በዚያ ሙቀት! ደግሞ በሮችህ ሁሉ ዝግ ናቸው። ድሬ ላይ በር ተከፍቶ መጋረጃ ይጋረድበታል እንጂ ማን ይዘጋዋል?

ቶርኖ ቤት (አዳማ)

ስለ ጣሪያው ብቻ ልናገር፤ ሙያዬ ብረት ነው። የቆርቆሮ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 76 ሚሊሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 0.87 ይመጣል። ባለ 5 ሚሊሜትር ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 0.8 ነው። ከዚህ የቀረበ ነገር አታገኝም። ረዥም ባለ ጥርስ ዘንግ ግዛ፤ የትንንሽ ሻማዎችን የአሉሚኒየም ኩባያ ቆርጠህ ዘርጋ፤ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ አድርገህ ዘንጉን ተጭነህ አንከባልልበት። ሞገዱ ይወጣል። የብሎን ጥርስ ጠመዝማዛ ስለሆነ መስመሩ ሦስት ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ ስትቆርጥ መስመሩን ተከተል እንጂ የአሉሚኒየሙን ጠርዝ አትከተል።

ጣሪያውን በአንድ ቁራጭ አትክደነው። አንዱ ቆርቆሮ 2 ሜትር ነው፤ 23 ሚሊሜትር ማለት ነው። አንድ በአንድ ቆርጠህ እያነባበርክ ክደነው፤ አንዱን ትንሽ አጣመው፣ አንዱን ከሌሎቹ ይበልጥ አዝገው። ዝገቱ የቀይ ጠመኔ ዱቄት ነው፤ በደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች። ያለ ዝገት ቆርቆሮ ያለው አዲስ ሙሽራ ቤት ብቻ ነው።

ጋሽ ጄሶ (አዲስ አበባ)

መብራቱ መጣ።

ልጄ የከዚራዋ እውነቷን ነው፤ ስለ ጥላው እታረማለሁ። ይሁንና ያንን ጥላ በእነዚያ 40 ዛፎች አትሠራውም፤ ሠላሳው የፈረንጅ ጥድ ነው። ክብ አናት ያላቸውን መርጠህ አናታቸውን በጣትህ በተን በተን አድርግና አቧራማ ቀለም በስሱ ንፋባቸው። 10 ሜትር ዛፍ በአንተ ጠረጴዛ 11 ሴንቲሜትር ተኩል ነው፤ ከዚያ የበለጠ ጣቢያውን ያሳንሰዋል።

ለከተማው ዳርቻ ግራር ያስፈልግሃል፤ እሱን ራስህ ሥራው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልጠህ የመዳቡን ክሮች 30 ያህል ያዝ። ታችኛውን ሦስት ሴንቲሜትር ጠምዝዘህ ግንድ አድርግ፤ ከዚያ በላይ አምስት ስድስት ላይ እየከፈልክ ቅርንጫፍ አውጣ፤ ጫፎቹን ሁሉ በመቀስ አንድ ከፍታ ላይ ቁረጣቸው። ግራር አናቱ ጠፍጣፋ ነው። ግንዱን በኮላና በደቃቅ አፈር ልበጠው። ለቅጠሉ ቃጫ አፍታተህ እስኪሳሳ ድረስ ዘርጋውና አናቱ ላይ አጣብቀው፤ በቃጫው ላይ አረንጓዴ የስፖንጅ ብናኝ ነስንስ፤ ከዚያ ገልብጠህ አራግፈው። በመካከሉ ሰማይ መታየት አለበት። ሰማይ የማይታይበት ግራር ጃንጥላ ነው።

የተረፈውን ቃጫ በአንድ ሴንቲሜትር እየቆረጥክ በኮላ ነጥብ ላይ አቁመው፤ ቀለሙን ሳትነካው የደረቀ ሣር ነው። ለቁጥቋጦ እኔ የዛፍ ሽበት ከደጋ አስመጣለሁ፤ እናንተም ዘንድ በሱቅ ይሸጣል። በግሊሰሪን ካልተነከረ ግን በዓመቱ ይፈረካከስብሃል።

ባለ ምድር ቤቱ (ሽቱትጋርት)

ሰባት ሳምንት ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ምንጣፉን ስነቅለው ግማሹ ጠረጴዛ አብሮ ተነሳ።

የሆነውን ልንገራችሁ። አፈሩን ከአንድ የጠጠር ማምረቻ አጠገብ ለቅሜ ነፋሁት፤ ማግኔቱ ሲያልፍበት ጢም አበቀለ። ጋሽ ጄሶ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ካልሲውን ባለቤቴን ሳልጠይቅ ወስጄ ተጣልተናል። ደቻቱ አሸዋ ሆኗል፤ ሬዚኑን ሱቁ መልሶ አልወሰደም። ባለ 12 ሚሊሜትሩ ሐዲድ ውድ ስለሆነ ለጊዜው የገዛሁት ለጣቢያው ፊት ብቻ ነው፤ መጋዘኑ ጋ ያለው ገና አዲሱ ባቡር ነው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ቆርቆሮው ነው። የመጀመሪያዎቹን 20 ቁራጮች ጣልኳቸው፤ በኃይል ስለተጫንኩ ተቀደዱ። ከዚያ እጄ ገባው። በማታ መብራት ከጎን ሲታይ ሞገዱ ጥላ ይጥላል፤ ካርቶኑ እንዴት ለሦስት ዓመት እንዳታለለኝ አሁን ይገርመኛል። 

ለግመሎቹ ቀዶ ጥገና አድርጌአለሁ። የኋላውን ሻኛ ቆርጬ ስሞርደው የፊተኛው ወደ አንገት የተጠጋ ሆኖ ቀረ፤ ስለዚህ ሁለቱንም አንስቼ መሐል ላይ በስቱኮ አዲስ ሠራሁ። አንዱ ተሳክቷል። ሌላው በሬ መስሏል፤ ከዛፍ ጀርባ አቁሜዋለሁ። የሰዎቹን ኮት ሞርጄ ከሶፍት ነጠላና ሽርጥ አለበስኳቸው፤ ኮላ የነካው ሶፍት በመርፌ ጫፍ እጥፋት ይይዛል።

እህቴ፣ እርስዎ ያሉትን መጋረጃም ጀመርኩ። በሩ 24 ሚሊሜትር ነው፤ 2 ሜትር ከ10 ማለት ነው። ባለቤቴ ከአሮጌ ሻሿ ቀዳ ሰጠችኝ፤ የታረቅነውም በዚያ ነው። ሆኖም ጨርቁ አበባ ያለው ስለሆነ አንዱ አበባ በሩን ሞላው። ምን ላድርግ?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

አንቺ በለኝ እንጂ፤ እርስዎ እስክባል አላረጀሁም።

ጨርቁን ገልብጠው። የሻሽ ጀርባ ደብዘዝ ያለ ነው፤ አበባው ተሰውሮ ቀለሙ ብቻ ይቀርልሃል። ታችኛውን ጠርዝ በኮላ እርጠብና ወደ ውስጥ ትንሽ ንፋው፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። የመኝታ ቤቱን በር መጋረጃ ግን እስከ መሬት አታድርሰው። ከሥር የሰው እግር ይታይ።