አደባባዩ ላይ ቆርቆሮ፣ ሸራ ወይስ ዛፍ?

ሳሚ ንድፍ፦ የሰፈራችን አደባባይ ኮብልስቶን ከተነጠፈበት ጀምሮ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ውሻ እንኳ አያልፍበትም። በአዳማ ፀሐይ የጋለ ድንጋይ ላይ ማን ይቀመጣል? እኔ ያሰብኩት መሐሉ ላይ 4 የብረት ምሰሶ ተተክሎ፣ ከላይ ሸራ ተወጥሮ፣ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር ነው። የሰፈሩ ኮሚቴ ደግሞ ቆርቆሮ ይሁን ይላል። እናንተስ?

የብየዳው ልጅ፦ ሳሚ፣ ንፋሱን ረሳኸው እንዴ? ከከተማው ወጣ ብሎ የተተከለው የንፋስ ኃይል ለጌጥ አይደለም፤ አዳማ 1 ብቻውን 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ 2 ደግሞ 153 ነው። ንፋስ ጣሪያን የሚጥለው ተጭኖት ሳይሆን ከሥር ገብቶ አንስቶት ነው። አንድ ምግብ ቤት በር ላይ የሸራ ጥላ ሠርተን ነበር። ባለቤቱ ሲሚንቶ ልቆጥብ ብሎ ጉድጓዱ 40 ሴንቲ ብቻ ሆነ። የካቲት ላይ ምሰሶው ከነኮንክሪቱ ተነቅሎ ከመንገዱ ማዶ ተገኘ። እግዜር ይመስገን ሰው አልነካም።

ጋሽ ጡረታ፦ ልጆች፣ ዳስ ለሠርግና ለለቅሶ ነው፤ አልቆ ይፈርሳል። የዚህ አገር ሰው ሸንጎ የሚቀመጠው ኦዳ ሥር ነበር። ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ የተማከረ ማን አለ? ዛፍ ትከሉ።

ሳሚ ንድፍ፦ ጋሼ፣ ዛፍ እስኪያድግ እኛም እንደርስብዎታለን።

ጋሽ ጡረታ፦ አንተ ሳቅ። ኒም ይህን ሙቀት ይችላል፣ ግራርም የአገሩ ነው። ዋርካውን ግን ተዉት፤ ሥሩ ኮብሉን ይፈነቅለዋል። ክረምት ከጋራው ወርዶ በየቤታችን የሚገባው ጎርፍ ወደ ዛፉ ጉድጓድ ቢመራስ? በጋውን ደግሞ በባልዲ።

የጀበናዋ፦ እኔ እዚያው ነው የምውለው። ጠዋት በምሥራቅ በኩል ያለው ፎቅ ያጠላልኛል፣ 5 ሰዓት ሲሆን ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ጃንጥላዬ ናት። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው የመብራት ምሰሶዋን ጥላ ተከትሎ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይደረደራል፤ ጥላዋ ፈቀቅ ስትል ሰልፉም ፈቀቅ። ይልቅ ጥላው ሲሠራ «ለማስዋብ ነው» ብላችሁ እኛን ታስነሡናላችሁ?

ባለባጃጅ፦ ጥላ ካለ ባጃጅ ከሥሩ ይቆማል። እኔ ራሴ አቆማለሁ፣ ምን አስዋሸኝ። መግቢያውን በድንጋይ ካልዘጋችሁት አግዳሚው የእኛ ነው።

የብየዳው ልጅ፦ ሌላም ነገር። 4 ሜትር ከፍታ ያለው ጣሪያ 10 ሰዓት ላይ ጥላውን ከ5 ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ይወረውረዋል። አግዳሚው ከጣሪያው ሥር፣ ጥላው ኮብሉ ላይ! የሚፈለገው ዝቅ ያለ ነገር ነው፤ በምዕራብ በኩልም መከለያ። ደቡብንም ብቻ አትመልከቱ፤ ታኅሣሥ ላይ የቀትር ፀሐይ በደቡብ ናት፣ ሰኔ ላይ ግን ወደ ሰሜን ታልፋለች። ቆርቆሮ ደግሞ ሲግል ሙቀቱን መልሶ አናት ላይ ነው የሚለቀው።

ሳሚ ንድፍ፦ እሺ፣ የምዕራቡን ተቀብያለሁ፤ ከመሐል ላውጣው። በሸራው ፈንታም የአበባ እርሻዎች የሚወጥሩት ዓይነት መረብ ይሁን፤ ንፋሱ ሾልኮ ያልፋል፣ ግለቱም አይታፈንም።

ባለባጃጅ፦ ዝናብስ?

ሳሚ ንድፍ፦ ዝናብ አይከለክልም። ሐምሌና ነሐሴን እንደ እስከዛሬው ፎቁ በረንዳ ላይ ነን። በስተሰሜን የጋሼን ኒም እንተክላለን፤ መረቡ አርጅቶ ሲቀደድ ዛፉ ደርሶ ይጠብቀዋል።

ጋሽ ጡረታ፦ አየህ፣ መጣህልኝ።

የብየዳው ልጅ፦ ጉድጓዱ ከአንድ ሜትር ካነሰ እኔን አትጥሩኝ።

የጀበናዋ፦ ሜትሩን ተማምናችሁ ጨረሳችሁ፤ የእኔን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። ረከቦቴን የት ላስቀምጥ?