ክርክር፦ ፖታሲየም የተቀላቀለበት ጨው የተለመደውን ጨው ይተካ ወይስ አይተካ?

አወያይ
የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂዎች ቤት ውስጥ የሚጠቀሙበትን ጨው ከፊሉ ፖታሲየም ክሎራይድ በሆነ ጨው ቢለውጡት ይሻላል ብሏል። ምክሩ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ልጆችን፣ ነፍሰ ጡሮችንና የኩላሊት ችግር ያለባቸውን አይመለከትም። እንግዲህ መንግሥታት ይህን ጨው መደበኛው ጨው ያድርጉት ወይስ ለፈለገ ሰው ብቻ ይቅረብ? በቁጥር ተከራከሩ። “ጨው መርዝ ነው” ብቻ ብሎ የሚሄድ መልእክት አጠፋለሁ።

የልብ ሐኪም
ይተካ። በዚህ ጉዳይ ካሉን ጥናቶች ትልቁ በቻይና ገጠር፣ በ600 መንደሮች፣ በ20,995 ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ነው። የግማሾቹ መንደሮች ተሳታፊዎች 75 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ (የተለመደው ጨው)ና 25 በመቶ ፖታሲየም ክሎራይድ ያለበት ጨው ተሰጣቸው፤ የተቀሩት በለመዱት ቀጠሉ። አምስት ዓመት ገደማ ከተከታተሏቸው በኋላ ስትሮክ በ14 በመቶ፣ ሞት በ12 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የላይኛው የደም ግፊት ልዩነት በአማካይ 3 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ብቻ ነበር። ለአንድ ሰው ትንሽ ናት፤ ለሕዝብ ግን ውጤቷ ይኸው።

“ጨው ቀንሱ” ብለን ስንመክር ታካሚው ጥቂት ቀን ሞክሮ ይተወዋል፣ ምክንያቱም ምግቡ አልጥም ይለዋል። እዚህ ግን ሰው እጁ እንደለመደው ይጨምራል። የተቀየረው ዕቃው ውስጥ ያለው ነው።

የኩላሊት ክፍል ነርስ
ዶክተር፣ እነማን እንደተሳተፉም ይናገሩ እንጂ። ከዚህ በፊት ስትሮክ የመታቸው ወይም 60 ዓመት የሞላቸውና ደም ግፊት ያለባቸው ናቸው። ከባድ የኩላሊት ሕመም እንዳለባቸው የሚታወቁትና ፖታሲየም የሚያስቀር የሽንት መድኃኒት የሚወስዱት ከመጀመሪያው ተለይተው ወጥተዋል። ስለዚህ ጥናቱ ከፖታሲየሙ “አደጋ አልታየም” ያለው ለተጣሩ ሰዎች ነው። ጨው ግን ገበያ ላይ ከወጣ በኋላ ሰው አያጣራም፤ አንድ ድስት ለቤተሰቡ ሁሉ ነው የሚሠራው።

ችግሩ የኩላሊት ድክመት ዝም ብሎ የሚሄድ መሆኑ ነው። የማጣራት አቅሙ (በደቂቃ በሚሊሊትር የሚለካው) ከ60 በታች ወርዶ ሦስት ወር ካለፈው ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል፤ ባለቤቱ ግን ምንም ላይሰማው ይችላል። ከ30 በታች ሲወርድ ኩላሊት ትርፍ ፖታሲየምን ማስወጣት ይከብደዋል። በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም በጤናማ ሰው ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል በሊትር ነው። ከ6 ሲያልፍ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ። ጡንቻ መዛልና መደንዘዝ አስቀድመው ይመጣሉ ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ48 የአረጋውያን መጦሪያዎች ተካሂዷል። እዚያ በደማቸው ፖታሲየም ከፍ ያለባቸው ሰዎች በርክተዋል። በዚህ ምክንያት የደረሰ ጉዳት አልታየም፣ እሱን አልክድም። ግን እነዚያ ተቋማት ውስጥ ያሉ ነበሩ፤ ቤቱ ብቻውን የሚኖረውን ማን ያየዋል?

ፋርማሲስት
በነርሷ ሐሳብ ላይ ልጨምር። ፖታሲየምን ከፍ የሚያደርጉት የሽንት መድኃኒቶች ብቻ አይደሉም። ስፓይሮኖላክቶንና አሚሎራይድ የታወቁ ናቸው፤ ኢናላፕሪል፣ ሊዚኖፕሪልና ሎሳርታን የሚባሉት የደም ግፊት መድኃኒቶችም ያስቀሩታል። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ይጨምረዋል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ደግሞ ኩላሊቱን ራሱን ያደክሙታል።

እዚህ ላይ ነው እንቆቅልሹ። ከዚህ ጨው አብልጦ የሚጠቀመው ደም ግፊት ያለበት ሰው ነው፤ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን የሚውጠውም እሱው ነው። ኩላሊቱ ደህና ከሆነ መድኃኒቱ ብቻውን አይከለክለውም። ግን ከመቀየሩ በፊት ክሬቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ) እና ፖታሲየም ይለካ፣ ከቀየረ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይደገም። ስፓይሮኖላክቶን ከሆነ ግን ባይነካው ይሻላል።

የሥነ ምግብ ባለሙያ
ሁላችሁም የዘለላችሁት ስሌት አለ። ከጨው ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ሶዲየም ነው፤ ከፖታሲየም ክሎራይድ ክብደት 52 በመቶው ፖታሲየም። በቀን 10 ግራም ጨው የሚበላ ሰው (የዓለም አማካይ ከዚህ ትንሽ ይበልጣል) 3.9 ግራም ሶዲየም ያገኛል። ይኸው 10 ግራም በ75/25 ቅልቅል ቢተካ 2.95 ግራም ሶዲየምና 1.3 ግራም ፖታሲየም ይሆናል። የሚመከረው የሶዲየም ጣሪያ 2 ግራም ነው። አልደረሰም! እዚያ ለመድረስ ቅልቅሉንም ከ6.8 ግራም በታች ማድረግ አለበት። የተለመደውን ጨው ወደ 5 ግራም ያወረደ ሰው ግን ያለ ምንም ቅልቅል ጣሪያው ላይ ነው።

ይህን የምለው “የጤና ጨው” የሚል ጽሑፍ ሲያይ እጁን የሚለቅ ሰው ስለሚኖር ነው። 25 በመቶ የቀነሰለትን ሶዲየም፣ ጨዉን በአንድ ሦስተኛ ከጨመረ መልሶ አገኘው።

ሌላው፦ በቻይናው ጥናት ሶዲየም በቀን የቀነሰው 350 ሚሊግራም ያህል ሲሆን ፖታሲየም የጨመረው 800 ሚሊግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ከጥቅሙ ትልቅ ድርሻ የፖታሲየም ሊሆን ይችላል። ፖታሲየም ደግሞ ምግብ ውስጥ አለ፦ 100 ግራም የበሰለ ምስር 370 ሚሊግራም ያህል አለው፤ 350 ግራም የበሰለ ምስር ያንን 1.3 ግራም ይተካል፣ ፋይበሩንና ፕሮቲኑንም ጨምሮ። አትክልትና ድንች በብዙ ውኃ ቀቅሎ ውኃውን የሚደፋ ሰው ፖታሲየሙን አብሮ ይደፋል። በእንፋሎት ማብሰል ወይም ውኃውን ለሾርባ ማቆየት ይሻላል። ለኩላሊት ታማሚ ግን ምክሩ ይገለበጣል፤ ቆርጦ፣ ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎ መድፋት ነው የሚጠቅመው።

አዮዲንም አይረሳ። አዲሱ ጨው አዮዲን ካልተጨመረበት አንዱን በሽታ ሸሽተን ወደ እንቅርት ነው የምንሄደው።

የልብ ሐኪም
እህቴ፣ ስሌቱ ልክ ነው፤ ንጽጽሩ ግን ትክክል አይደለም። አንቺ የምታነጻጽሪው ቅልቅሉን 5 ግራም ላይ ከደረሰ ሰው ጋር ነው። እሱን ሰው ስንት ጊዜ አግኝተሽዋል? ምስሩም ያው ነው፤ በየቀኑ 350 ግራም የሚበላ ካለ እሰየው፣ እሱ ጨዉንም አያስፈልገው ይሆናል።

የምግብ ቴክኖሎጂ ባለሙያ
ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው ባይ ነኝ። መመሪያው የሚመለከተው ቤት ውስጥ የሚጨመረውን ጨው ብቻ ነው፤ የታሸገ ምግብንና ምግብ ቤትን አይነካም። የቻይናው ጥናት የሠራው እዚያ አብዛኛው ጨው ከቤት ድስት ስለሚመጣ ነው። የፋብሪካ ምግብ በሚበዛባቸው አገሮች ከሶዲየሙ ሦስት አራተኛው ያህል ሰው ሳይጨምረው ይገባል። እዚያ የጨው ዕቃውን ብትቀይሩ ምን ታመጣላችሁ?

ዳቦን ውሰዱ። ለ1 ኪሎ ዱቄት 20 ግራም ጨው የተለመደ ነው። በአንድ ጊዜ ወደ 10 ግራም ብታወርዱት እርሾው ይፈጥናል፣ ሊጡ ይጣበቃል፣ ዳቦውም ሲበሉት ባዶ ይሆናል፤ ገዢው በሳምንቱ ይሸሻል። ከ20 ወደ 18፣ ከወራት በኋላ ወደ 16 ከሆነ ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፣ ምላስ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። ብሪታንያ በዚህ መንገድ፣ ለየምግቡ ዓይነት ግብ እያስቀመጠች፣ የሰውን የጨው መጠን በቀን ከ9.5 ግራም (2000/01) ወደ 8.1 ግራም (2011) አውርዳለች። ደቡብ አፍሪካ በሕግ ጣሪያ አስቀምጣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። እዚህ መንገድ ላይ ፖታሲየም የሚያሰጋው የለም፤ ዝም ብሎ መቀነስ ነው።

በጨው የሚቆይ ሥጋና አይብ ላይ ግን እንዲህ አይቀለድም። እዚያ ጨው ውኃውን ከባክቴሪያ የሚያርቅ ነው፤ ስለቀነሳችሁ ብቻ ምርቱ ቶሎ ይበላሻል፣ ሊመርዝም ይችላል። ወይ ፖታሲየም ክሎራይድ ይተካ፣ ወይ የማቆያ ጊዜውና ቅዝቃዜው እንደገና ይሰላ።

የምግብ ዝግጅት አሠልጣኝ
ስለ ጣዕሙ ማንም አላነሳም። ፖታሲየም ክሎራይድ ከሲሶ ሲያልፍ ብዙ ሰው መራራና ብረት ብረት የሚል ነገር ምላሱ ላይ ይቀርበታል። እስከ 25 በመቶ ያለው በበሰለ ምግብ ውስጥ ብዙም አይታወቅም፤ ባዶ ሩዝ ወይም እንቁላል ላይ ሲነሰንሱት ግን ይጋለጣል። በደንብ የበሰለ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና መጨረሻ ላይ ጠብ የሚደረግ ሎሚ ይሸፍኑታል።

በማንኪያ አትለኩ፣ በሚዛን ለኩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ገደማ ነው፤ ሻካራው በዚያው ማንኪያ ከዚያ ያነሰ ይመዝናል። የባሕር ጨውና ሮዝ ጨው ሶዲየማቸው ያነሰ የሚመስላቸው ሰዎች የሚሳሳቱት አንዳንዴ እዚህ ላይ ነው፤ በግራም ሲለካ ያው ነው። ሚዛን የሌለው ሰው ይህን ያድርግ፦ አራት አዋቂዎች ላሉበት ቤት ጣሪያው በሳምንት 140 ግራም ነው (4 × 5 × 7)። ለዳቦና ለታሸገ ምግብ ግማሹን ትቶ 70 ግራም፣ ማለትም 12 የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው፣ በትንሽ ዕቃ ይለይ። ከሳምንቱ በፊት ካለቀ የት እንደሄደ ይታያል።

የሾርባ ማጣፈጫ ኩብም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ 1.2 ግራም ሶዲየም ይዟል፣ ምላስ ግን “ጨው” አይለውም። ጥራጥሬ ቶሎ እንዲበስል ሶዳ የሚጨምሩ ሰዎች ይህን አይቆጥሩትም።

የኩላሊት ክፍል ነርስ
የፋብሪካውን መንገድ እደግፋለሁ፤ አንድ ቀዳዳ ግን አለው። “ሶዲየም የቀነሰ” የሚል ሾርባ ወይም ሥጋ ላይ ፖታሲየም ክሎራይድ ከገባ፣ መጠኑ ጽሑፉ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ታማሚው ጥሩ ምግብ የመረጠ መስሎት ይገዛዋል።

የልብ ሐኪም
እሺ፣ ሐሳቤን ላጥብበው። የተለመደው አዮዲን ያለው ጨው ከመደርደሪያ አይውጣ። ቅልቅሉ ከጎኑ ይቀመጥ፣ ዋጋው ከተለመደው እንዳይበልጥ ይደጎም፤ ዛሬ ውድ በመሆኑ የሚያስፈልገው ሰው አይገዛውም። ሐኪም ደግሞ 60 ዓመት ለሞላው የደም ግፊት ታካሚ ክሬቲኒን ካየ በኋላ ይምከረው። ቀይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይለጠፍበት ካላችሁ ግን አልስማማም፤ ሰው መድኃኒት መስሎት ይሸሸዋል።

ፋርማሲስት
ቀይ ባይሆንም ከፊት ለፊት ይጻፍ። “የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ወይም የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ” ይበቃል። ከጀርባ በደቃቅ ፊደል ከሆነ ባይጻፍም ያው ነው።

የምግብ ቴክኖሎጂ ባለሙያ
የፖታሲየሙም መጠን በቁጥር ይቀመጥ። የ75/25 ቅልቅል በ100 ግራም 13 ግራም ያህል ፖታሲየም አለው። ለዳቦም፣ ለሾርባም፣ ለሥጋም ይህ ግዴታ ይሁን፤ ያኔ የነርሷ ታካሚ መደርደሪያው ፊት ቆሞ አንብቦ መወሰን ይችላል።