«ደግ ከተማ» የምትሏት የትኛዋን ዎርዚንግተን ነው?

የሚኒያፖሊሷ፦ ትናንት አንድ ወንድማችን ስለ ሚኒሶታዋ ዎርዚንግተን «ዎርዚንግተን ደግ ከተማ ናት፣ ስደተኛውን እጇን ዘርግታ ተቀብላለች» ብሎ ጻፈ። አንብቤ በጣም ተናደድኩ። ከ2013 ጀምሮ ለትምህርት ቤት ማስፋፊያ የሚሆን ብድር ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ አምስቴ ወድቋል። ያለፈው በስድስተኛው፣ በኖቬምበር 2019 ነው፤ ያውም ለጥቂት። ክፍል ጠቧቸው የነበሩት ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ የስደተኛ ልጆች ነበሩ። ደግነቱ የቱ ጋ ነው?

የሐይቁ ዳር፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺ ሦስት ሰዓት መንገድ ርቀሽ ትፈርጃለሽ። እኔ እዚሁ አሳማ ሥጋ ፋብሪካው ውስጥ ነው የምሠራው። መኪና ሳይኖረኝ በበረዶ ሥራ ያደረሱኝ ፈረንጅ ጎረቤቶቼ ናቸው። በዲሴምበር 2006 ኢሚግሬሽን ፋብሪካውን ወርሮ ከ200 በላይ ሰው ሲይዝ፣ ለቤተሰቦቹ የደረሱት የዚሁ ከተማ ቤተክርስቲያኖች ናቸው። ደግ ናት፣ ደግሜ እላለሁ!

የሚኒያፖሊሷ፦ በመኪና ማድረስና ለልጅህ ክፍል መሥራት ለየቅል ነው። ደግ ጎረቤት በል፣ እቀበላለሁ። «ደግ ከተማ» ግን አትበለኝ።

የገበሬው ወዳጅ፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። ያ ብድር የሚከፈለው በንብረት ግብር ነው። ሰፊ የእርሻ መሬት ያለው ሰው ትልቁን ሸክም ይሸከማል። የበቆሎና የአኩሪ አተር ዋጋ ደግሞ ወድቆ ነበር። «አይሆንም» ያለውን ሁሉ ዘረኛ ማለት ኃጢአት ነው።

የሚኒያፖሊሷ፦ ጋሼ፣ ዘረኛ የሚል ቃል ከእኔ አልወጣም። ስቴቱ በ2017፣ የእርሻ መሬት ለትምህርት ቤት ብድር በሚከፍለው ግብር ላይ የ40 በመቶ ቅናሽ አምጥቷል። ከዚያ በኋላም እኮ ወድቋል!

የገበሬው ወዳጅ፦ 40 በመቶ ቀረ ማለት 60ው አለ ማለት ነው፣ ልጄ። በ2019 ቅናሹ ደረጃ በደረጃ ወደ 70 እንዲያድግ ተወሰነ፣ በዚያው ዓመት አለፈ። ገበሬው ልጆቹን ጠልቶ አልነበረም።

ነርሷ፦ ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ዜግነት ያለን ሰዎች ስንቶቻችን ወጥተን መረጥን? «ፈረቃ ላይ ነኝ» ያለውን አውቃለሁ። ለጥቂት ካለፈ፣ ለጥቂት የወደቀውንም ማዳን እንችል ነበር።

የሐይቁ ዳር፦ እህቴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ቢላ ይዞ የዋለ ሰው ላይ አትፍረጂ። እጁ ማንኪያ አይጨብጥም።

ነርሷ፦ ያንን እጅ የማክመው እኔ ነኝ። ስለዚህ እናገራለሁ። ለልጅ ሲባል ይወጣል።

የሚኒያፖሊሷ፦ ዜግነት የሌለውስ? ኪራዩ ውስጥ የባለቤቱ የንብረት ግብር አለ፣ እሱም ከፋይ ነው። ጋሼ የሚያዝኑት ግን ለባለመሬቱ ብቻ ነው።

የገበሬው ወዳጅ፦ ይህን አላልኩም። ከላይ የጻፍኩትን መልሰሽ አንብቢ።

የሐይቁ ዳር፦ ኪራይ ካነሳችሁ አይቀር፣ እዚህ ባዶ ቤት ያየ ሰው አለ? ሁለት ቤተሰብ አንድ አፓርታማ ውስጥ ነው ያለነው።