ወንድሜ «ደጅ አልጠናም» ይላል፣ ምን ብዬ ልርዳው?

ታላቅ_እህት
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቆ ቤት ከተቀመጠ ሰባት ወር ሆነው። የመውጫ ፈተናውን በአንዴ ነው ያለፈው፣ ውጤቱም አሪፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ ያያል፣ ሲቪ ይልካል፣ በቃ። «ዜሮ ዓመት» የሚል ያገኘ ቀን ፊቱ ይበራል፣ ከዛ መልስ የለም። እስቲ ሰው አናግር ስለው ይቆጣል። «ደጅ አልጠናም፣ ሥራ በችሎታዬ ነው የማገኘው» ይለኛል። እልኸኛ ነው፣ ዓይን አፋርም ነው፣ ስልክ መደወል ራሱ ያስጨንቀዋል። እኔ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው፣ በሱ ሙያ የማውቀው ሰው የለኝም። ሳላስገድደው ሰው መቅረብን እንዴት ላለማምደው?

የሳይት_ሰው
እህቴ፣ ኢንተርንሺፕ የወጣው የት ነበር? መጀመሪያ እሱን ጠይቂው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ አብሯቸው የዋለ ሰዎች እያሉ አዲስ ሰው ፍለጋ ምን አስኬደው።

እኔ ህንጻ ላይ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው የምሠራው። በየዓመቱ ኢንተርኖች ይመጣሉ፣ ሪፖርታቸውን አስፈርመው ይሄዳሉ፣ ከዛ ድምፃቸው ይጠፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ «ሰላም ኢንጂነር» የሚል ቴክስት ይመጣል። ሰላም ነው? እላለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» እንዲህ ሰላምታ ስንለዋወጥ ሦስት ቀን እንከርምና በአራተኛው ቀን ሲቪ ዱብ ይላል። ምን ላድርገው? ቀጣሪው እኔ አይደለሁ።

አንድ ልጅ ግን እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ሰላም ኢንጂነር፣ ካቻምና ሳይት ላይ ኢንተርን ነበርኩ፣ የ3ኛ ፎቁን ፓነል ሥዕል አብረን ያየነው። ዘንድሮ ተመረቅኩ። ሶላር ላይ ልግባ ወይስ ህንጻ ላይ ልቆይ ግራ ገብቶኛል። የሚመችዎት ቀን ካለ 10 ደቂቃ ደውዬ ልጠይቅዎ?» ማን እንደሆነ ነገረኝ፣ የት እንደተገናኘን አስታወሰኝ፣ የሚፈልገውን ነገረኝ። አስር ደቂቃ ያልነው አርባ ሆነ። ሥራ አልሰጠሁትም፣ አልነበረኝማ። ከሁለት ወር በኋላ ግን አንድ ሰብ ኮንትራክተር «ሥዕል በደንብ የሚያነብ ልጅ ታውቃለህ?» ሲለኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ይሄ ደጅ መጥናት ነው?

ቁጭ_ያልኩት
ወሬው ያምራል፣ ግን እውነቱን እንነጋገር። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ፈተናውን አልፌ፣ ኢንተርቪው ገብቼ፣ በኋላ የተቀጠረው ፈተናው ላይ ያላየሁት ልጅ ነው። የአለቃው ዘመድ ነበር። ስለዚህ «ኔትወርክ ፍጠር» ሲሉኝ ዘመድ ፈልግ እንደማለት ነው የሚሰማኝ። የወንድምሽ ስሜት ይገባኛል።

ማስተርስ_ላይ_ያለች
@ቁጭ_ያልኩት የደረሰብህ ያናድዳል፣ ማንም ዘመዱን ሲቀጥር ጥሩ አደረገ አልልም። ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ዘመድ ያስቀጥርሃል፣ የምታውቀው ሰው ደግሞ ወሬውን ያደርስሃል፣ ከዛ በኋላ ፈተናው ያንተ ነው።

ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቦስተን አጠገብ ኒውተን ከተማ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ወሬውን የነገራቸውን ሰው ቶሎ ቶሎ ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ከስንት አንዴ ነበር የሚያገኙት። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቅርብ ጓደኛህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ። የባች ግሩፕ ላይ ሁሉም ያንኑ ማስታወቂያ ነው ፎርዋርድ የሚያደርገው! ሌላ ወሬ ያለው ሌላ ቦታ የሚውለው ሰው ጋ ነው። ጥናቱ የአሜሪካ ነው፣ የድሮም ነው፣ ግን እኔ ራሴ አሁን የምሠራበትን ቦታ የሰማሁት በዓመት አንዴ ለቅሶ ቤት ከማገኛት ሴት ነው።

እና @ታላቅ_እህት፣ ፀጉር ቤት እየሠራሽ ማንንም አላውቅም ትያለሽ? ካስክ ስር የምትቀመጠው ደንበኛሽ ባሏ ምን እንደሚሠራ ሳትነግርሽ ትወጣለች? ሥራ ስጪልን አትበያት። «ወንድሜ ኤሌክትሪካል ተመርቋል፣ በሙያው ያለ የሚያማክረው ሰው ታውቂያለሽ?» በያት። ምክር ስትጠየቅ ማንም አይሳቀቅም።

የሳይት_ሰው
የረሳሁት። ሳይት ላይ ያለን ሰው ጠዋት አይደውልለት፣ ኮንክሪት ሲሞላ ማንም ስልክ አያነሳም። ከ11 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ምክሩን ሰምቶ የሠራበት እንደሆነ ደግሞ ተመልሶ «እንዳሉኝ አደረግኩ፣ እንዲህ ሆነ» ይበል። ይሄን የሚያደርግ ልጅ እስካሁን ሁለት ነው ያየሁት፣ ሁለቱንም ስማቸውን አልረሳም። «አስገባሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቀውን ግን ብሎክ ያድርገው።

ታላቅ_እህት
ተባረኩ። ትናንት ማታ ቴክስቱን አነበብኩለት፣ ዝም አለ፣ ከዛ «ይሄማ ጥያቄ ነው» አለኝ። ኢንተርን ለነበረበት ቦታ ኢንጂነር አራት ጊዜ ጽፎ ሦስቴ አጥፍቶ ላከው። ዛሬ መልስ መጣ፣ «ቅዳሜ ከ6 ሰዓት በኋላ ደውል» ብቻ ይላል። አሁን ጓዳ ገብቶ እኔን ኢንጂነር እያለ እየተለማመደብኝ ነው፣ ወጡ ሊያርብኝ ነው።