ክርክር፦ የቺንቼሮ ኤርፖርት ለማን ይጠቅማል?

አወያይ፦ ቺንቼሮ ፔሩ ውስጥ፣ ከኩስኮ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የኬችዋ ተናጋሪዎች ወረዳ ናት። ከፍታዋ 3,760 ሜትር አካባቢ ነው። ቦሌ ኤርፖርት 2,300 ሜትር ገደማ መሆኑን አስቡት። ገበሬው ድንችና ባቄላ ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ2019 እርሻው ላይ ለዓለም አቀፍ ኤርፖርት አፈር መቆረጥ ጀመረ። ልክ ነው ትላላችሁ?

መሐንዲሱ፦ ይሠራ ባይ ነኝ። የአሁኑን የኩስኮ ኤርፖርት ተራራ ከብቦታል፣ ቤትም ውጦታል። ማስፋት አይቻልም። ብዙ የቺንቼሮ ሰውም ሥራ እናገኛለን ብሎ ደግፎታል። መሬታቸውን ለለቀቁት ማኅበረሰቦች ካሳ ተከፍሏል። ዋና ከተማው ሊማ ቁጭ ብሎ «ቅርስ ነው፣ አትንኩት» ማለት ቀላል ነው።

የደጋ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ካሳ እኮ አንዴ ተበልቶ ያልቃል። ደግሞ ከፍታውን ረሳኸው። አየሩ በሳሳ ቁጥር አውሮፕላን ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ጭነቱም ይቀንሳል። ቺንቼሮ ከኩስኮም በ400 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። በዚያ ላይ የፒዩራይ ሐይቅ እዚያው ነው። ኩስኮ ከተማ ከሱ ውሃ ትጠጣለች። ሆቴሉና መጋዘኑ ዙሪያውን ሲፈላ ውሃው ምን ይሆናል?

መሐንዲሱ፦ እሱ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ፍሳሽ ማጣሪያ ይሠራል።

ሸማኔዋ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ገበያው ነው። የቺንቼሮ ሴቶች ኮቺኒል የምትባለዋን የቁልቋል ነፍሳት መዳፋቸው ላይ ይፈጫሉ፤ ደም የመሰለ ቀይ ይወጣል። ሎሚ ጠብ ሲያደርጉበት ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል። ቱሪስቱ ይህን አይቶ ነው ጨርቁን የሚገዛው። የሚቆመውም ከኩስኮ ወደ ቅዱሱ ሸለቆ ሲሄድ ቺንቼሮ መንገዱ ላይ ስለሆነች ነው። ነገ እዚያው ካረፈ፣ ሻንጣውን ይዞ በቀጥታ ወደ ጥንታዊቷ የኢንካ ከተማ ወደ ማቹ ፒቹ ባቡር ይሮጣል። ታዲያ ሴቶቹ ምን ያተርፋሉ? እስከዛሬ ማንም አልመለሰልኝም።

የደጋ ልጅ፦ እውነት ነው እህቴ። ከስፔኖች በፊት አካባቢውን ይገዙ የነበሩት የኢንካዎች ንጉሥ፣ የቱፓክ ዩፓንኪ እርከኖችም ቺንቼሮ ውስጥ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው በኢንካ ግንብ ላይ ነው። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ1994 ነባር ሕዝቦችን አስቀድሞ ማማከር ግዴታ የሚያደርገውን ስምምነት አጽድቃለች። ምክክር ደግሞ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ ከግሬደር በፊት ነው።

መሐንዲሱ፦ በምክክሩ እስማማለሁ። ግን ሥራው ተጀምሯል። አሁን ማቆም ጉድጓዱን ለገበሬው ትቶ መሄድ ነው።

ሸማኔዋ፦ እንግዲያው ካልቆመ፣ ለሸማኔዎቹ መሸጫ ቦታ ተርሚናሉ ውስጥ በውል ይጻፍላቸው። የሐይቁ ዙሪያም ግንባታ የማይነካው ተብሎ በሕግ ይከለል።